የገበያ ቀን ሚስት

ደብረ ታቦር ውስጥ «ጥሩወርቅ እኮ ቁማርተኛ ነበረች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የፑል እንጨት በእጄ ይዤ አላውቅም። ኳሷን ከየት መትተው የት እንደሚከቷት ዛሬም በቅጡ አይገባኝም። የእኔ ሥራ ማልቀስ ነበር። እሱንም ቢሆን የሠራሁት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ሰው ብዬ።

ሰውየው ማሩ ይባላል። የጋፋት ልጅ ነው፤ አባቱ ቄስ ናቸው። ለትምህርት ብሎ ከተማ ገባ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጣለው፣ ወደ እርሻው መመለስ አፈረና እኔ ሻይ ቤት ጓሮ ባለችው የፑል ጠረጴዛ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጠረጴዛዋን ከባሕር ዳር በአይሱዙ ያመጣት ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ሲሞት ሻይ ቤቱም ጠረጴዛዋም እኔ ላይ ወደቁ። ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ አንዴ አግብቼ የፈታሁ፣ ልጅ ያልወለድኩ፣ አፌ የማያርፍ። ሰው «ጥሩወርቅ ዘንድ ሻዩ በገንዘብ ነው፣ ስድቡ በነፃ» ይል ነበር። ይበል! ሻዬም ስድቤም ጥሩ ነበር።

ማሩን ሲጫወት ብታዩት! ሌላው ሰው ጠረጴዛዋን እየዞረ ያፈጣል፣ ይፎክራል፣ ሲስት ይሳደባል። እሱ ጎንበስ ሲል ፊቱ ይረጋጋል፤ ቅዳሴ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። በስድስት ወር ውስጥ ደብረ ታቦር ላይ የሚገጥመው ጠፋ። የሚገጥመው ሲጠፋ ደግሞ መቀመጫ አጣ።

«ጥሩ፣ እዚህ አገር እኮ አልቆብኛል» ይለኛል ሻዩን እያማሰለ። «አዲስ አበባ ስምንት ጠረጴዛ የተደረደረበት ቤት አለ አሉ። አንድ ቀን እዚያ ገብቼ ሰዎቹን ባያቸው! ቢያዩኝ!»

«መጀመሪያ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» እለዋለሁ። ሆዴ ግን ይባባል። ወድጄው ነበር፤ ምን ልደብቃችሁ። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ እሱም እንደ እህት ነው የሚያየኝ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሰው ሁሉ አስቀርቶብኝ ብቻችንን ቁጭ ብለን ሳለ፣ «እኔን የሚያውቀኝ ደብረ ታቦር ብቻ ነው» አለኝ። «ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ጋሳይ፣ አሁን በየገበያው ፑል ገብቷል። ገበሬ መስዬ ብሄድ ማን ይጠረጥረኛል?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?»

«ሚስት ሁኚኝ።»

የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ሊወድቅ! ቀጥሎ ሲያስረዳኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ተመልሳም ተናደደች፤ «ውጣልኝ ከዚህ!» አልኩት። በሳምንቱ አብሬው ወረታ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሩ የአባቱን አሮጌ ጋቢ ይለብሳል፣ የጎማ ጫማውን ጭቃ ያስረግጠዋል፣ በትሩን ትከሻው ላይ ያጋድማል፤ እህሉን ሸጦ የሚመለስ ገበሬ መስሎ ፑል ቤት ይገባል። «ይኼ ደግሞ ምንድር ነው እናንተው?» ይላል አፉን ከፍቶ። ይስቁበታል። እንጨቱን እንደ ዶማ ጨብጦ አንድ ሁለት ጨዋታ ይሸነፋል። ይኼኔ እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ እየጮህኩ እገባለሁ። «የበሬውን ብር! የበሬውን ብር ልታጠፋው ነው? ልጄን በምን ላሳድግ?» ጋቢውን እጎትታለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሚስቱ እንዲህ የምታለቅስበትን ገበሬ ያየ ሰው ሞኝ ስለማግኘቱ ጥርጥር አይገባውም። ማሩም በሚስቱ ፊት የተዋረደ ወንድ መስሎ «ዝም በይ አንቺ!» ይልና ያለውን ሁሉ ያስይዛል። መጫወት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ያውም እጁን እያወላገደ፣ ኳሷ ስትገባለት «እግዜር ነው እንጂ እኔማ ምን አውቃለሁ!» እያለ። ሰዎቹ ነቅተው ሳይጨርሱ እኔ በጋቢው ጎትቼ ሚኒባስ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ኃጢአት ነው? ነው። ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ እናንተ አትድከሙ።

ብሩ አይደለም ያስሄደኝ። የገበያ ቀን ሲደርስ ሚስቱ እሆናለሁ፣ ይኸው ነው። በሌላው ቀን «ስኳር ልጨምርልህ?» የምለውን ሰውዬ፣ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «ባሌ» እለዋለሁ። የማላውቃቸው ሴቶች «አይዞሽ እህቴ፣ ወንድ እንዲህ ነው» ብለው ትከሻዬን ይይዙኛል፤ እኔም የእውነት ባል እንዳላት ሴት አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለለቅሶው እንዲመቸኝ ብዬ ልጅ ሁሉ ፈጥሬ ነበር። ወረታ ላይ «ሰላማዊት ታማብኛለች፣ መድኃኒት የምገዛበትን!» ብዬ ጮህኩ። አዲስ ዘመን ላይ ሰላማዊት ትምህርት ቤት ገባች፣ ደብተር አጣች። አንድ ቀን ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ማሩ በሳቅ ዞር ብሎ «ሰላማዊት ተሻላት?» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ አውቃለሁ። ለሳምንት ያህል ያንን ቃል እያሰብኩ ሻይ ስቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ጀማል መጣ። ጀማል ከመርካቶ ጨርቅ እየጫነ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ደብረ ታቦር ሲያድር ቁርሱን እኔ ጋ ይበላል። ማሩ ሲጫወት አይቶ እንቁላሉን ሳይጨርስ ተነሳ። «ይኼ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። ከዚያ ለማሩ፣ «አዲስ አበባ የማውቃቸው ቤቶች አሉ። ቅዳሜ ስመለስ እወስድሃለሁ፤ መነሻ የምታስይዘውን ብቻ ያዝ» አለው። ማሩ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እኔን ደግሞ አቅፎ አነሳኝ! ዓመት ሙሉ የተመኘሁት እቅፍ ነው፤ በዚያች ቀን፣ በዚያ ምክንያት መጣ።

«አንድ ገበያ ብቻ ጥሩ፣ የመጨረሻ» አለኝ። «ሐሙስ ሐሙሲት እንሂድ። እዚያ ማንም አያውቀንም። የቅዳሜውን መነሻ ካገኘሁ በቃኝ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? አትሂድ የምለው ምኑ ሆኜ ነው?

ሐሙስ ጠዋት ተሳፈርን። ወረታ ወርደን ሌላ ሚኒባስ ያዝን። መንገዱን ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ሲያወራ፣ ክፍል ስለ መከራየት፣ ስለ ጠረጴዛዎቹ ጨርቅ፣ ስለ አንዱ ዝነኛ ተጫዋች። አንድ ጊዜ «አንቺስ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። የምታለቅስልኝ ሌላ ሴት ከየት አመጣለሁ እንኳ አላለም። በመስኮቱ የታጨደውን ማሳ እያየሁ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ያቺ ዝምታ ናት ጉድ ያመጣችብን።

ፑል ቤቱ የኸድር ነው፤ ከሱቁ ኋላ ያለ ሰፊ ክፍል። ኸድር ጨዋ ነጋዴ ነው፤ የሚያስይዙትን ሁሉ እሱ ይይዛል፣ ማንም ማንንም አይጠራጠርም። ማሩን የገጠመው እሸቴ የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር፤ ድምፁ ከገበያው ጫፍ የሚሰማ። እኔ ሱቁ በር ላይ የሽንኩርት ዋጋ እንደምከራከር ሆኜ እሰማለሁ። ማሩ አንድ ተሸነፈ፣ ሁለት ተሸነፈ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ኧረ ይቺ ነገር አስቸገረችኝ!» ሲል ሰማሁት፤ እሷ ምልክታችን ናት። ነጠላዬን አስሬ ገባሁ።

«የበሬውን ብር!» አልኩ እንደ ልማዴ። «የበሬውን ብር ልታጠፋው ነው?»

ሁሉም ሳቀ። እሸቴ «መጣችልህ!» አለ። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ። ሰላማዊትም ጠፋችብኝ። ማሩን አየሁት፤ ጠመኔ የነካውን ጣቱን ጋቢው ላይ እየጠረገ፣ ቀጥዪ እንጂ በሚል ዓይን ያየኛል። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ከውስጤ ተቀደደ።

«ትተኸኝ ልትሄድ ነው!» አልኩት። «ቅዳሜ ልትሄድ ነው! አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ሳትለኝ! ዓመት ሙሉ አብሬህ ስንከራተት፣ ዓመት ሙሉ ስምህን ስጠራ፣ እንዲህ እንደ ዕቃ ጥለኸኝ? ለምንድን ነው የማታየኝ? ምኔ ነው የማይታይህ?»

ጋቢውን ይዤ ቀረሁ። ለቅሶው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አለቀስኩ።

የእሸቴ ሳቅ ቆመ። የሁሉም ቆመ። እዚህ ላይ ነው የኛ ስህተት። ሁለታችንም የዚህ አገር ልጆች ነን፣ ማወቅ ነበረብን። የበሬ ብር ለሚያጠፋ ገበሬ ሰው ይስቃል። ሚስቱን ጥሎ ልሂድ ለሚል ግን የሚስቅ የለም፤ የተጣላ ባልና ሚስት አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ሽማግሌዎች በኛ አገር አታገኙም። እስከዚያ ቀን ለቅሶዬ የብር ስለነበር ማንም ጣልቃ አልገባም። ያን ዕለት የትዳር ለቅሶ አለቀስኩ።

ለጧፍ የሚሆን ክር ሊገዙ ሱቁ የቆሙ ቄስ ነበሩ፤ አባ አለሙ ይሏቸዋል። በሩን ጎንበስ ብለው ገቡና ማሩን «እንጨቱን አስቀምጥ» አሉት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ማሩ አስቀመጠ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ እሱን በክንዱ፣ አንዱ እኔን በእጄ ይዘው አወጡንና ከሱቁ ፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ፑል ቤቱ ያለው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ገበያተኛውም ከበበን።

«ስንት ልጅ አላችሁ?» አሉ አባ አለሙ።

«አንድ» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«ስሟ?»

«ሰላማዊት» አለ ማሩ። እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም! ወይ አንጀቴ! በዚያ ጭንቅ መሃል እንኳ ደስ አለኝ፤ እብድ ነኝ መሰለኝ።

«ቅዳሜ የት ልትሄድ ነው?»

«አዲስ አበባ፣ አባ። ለሥራ።»

«ምን ሥራ?»

ማሩ ጠመኔ የነካውን ጣቱን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ። አባ አለሙ ወደ ፑል ቤቱ በር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ» አሉ። ከካባቸው ሥር መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲህ ስማኝ ልጄ። ያንን እንጨት ሁለተኛ እንዳትነካ፣ ይቺንም ሴት ጥለህ ከአገርህ እንዳትወጣ ልገዝትህ ነው።»

የማሩ ፊት ደም አጣ። ማሩ ማንንም ያታልላል፤ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ፖሊስ አይቀረውም። ግዝት ግን የአባቱ ቤት ነገር ነው። በግዝት የታሰረ ሰው ጥሶ ምን እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው፤ ሳይሳለም ቤተ ክርስቲያን አልፎ አያውቅም። አባ አለሙ ያቺን ቃል ከተናገሩ እንጨት ሳይነካ ይሞታል። ጀማል ቅዳሜ ባዶውን ይሄዳል። ይኼን እኔ አውቃለሁ። እንደማውቅም ማሩ ያውቃል።

አባ አለሙ ወደ እኔ ዞሩ። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ያላንቺ ፈቃድ አላደርገውም። ልገዝተው?»

እሺ ማለት ነው እንግዲህ። አንዲት ቃል። በዚያች ቃል አብሮኝ ወደ ደብረ ታቦር ይመለሳል። ወር ይቆጣኛል፣ ሁለት ወር ያኮርፋል፤ ከዚያ ክረምት ይገባል፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፣ የት ይሄዳል? አንድ ቀን ቀና ብሎ ያየኛል። የሐሙሲት ሽማግሌዎች ያጸኑት ትዳር ነው፤ ሐሰት ነበር ብሎ የሚናገር ከኔና ከሱ በቀር ማን አለ? እመኑኝ፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ጥሩ» አለኝ ማሩ በሹክሹክታ። «በእመብርሃን ይዤሻለሁ።»

አየሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ የዚያ ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ሲል የሚመጣውን ያንን የተረጋጋ ፊት አሰብኩ። የወደድኩት ያንን ፊት ነው፤ ተገዝቶ የሚቀርልኝ ግን ይኼኛው ነው። ምድጃዬ አጠገብ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ እንዲያረጅ አንጀቴ አልችል አለ።

«አባ፣ ይማሩኝ» አልኩ። «ባሌ አይደለም። ልጅም የለንም። ሰው ለማታለል ነው የመጣነው።»

ገበያው ተንጫጫ። እሸቴ ዘሎ የማሩን አንገት በጋቢው አነቀ፤ «ሌባ! እኔን!» እያለ። ከኋላ አንዱ በትሩን አነሳ። አባ አለሙ ተነስተው መሃል ገቡ፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው «ማንም እጁን እንዳያሳርፍ!» አሉ። ኸድርም «የያዝኩትን ለየባለቤቱ እመልሳለሁ፣ ማንም የተጎዳ የለም። እናንተም ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ» አለ። በትሩ ወረደ። እሸቴ ግን አልለቀቀም።

አባ አለሙ ማሩን ትክ ብለው አዩት። «አሁን መስቀሉን እያየህ ተናገር። ሚስትህ ካልሆነች ይቺ ሴት ምንህ ናት?»

ማሩ መስቀሉን አየ። ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም።

«ሻይ ቤት አላት አባ። እኔ ደንበኛዋ ነኝ።»

እውነቱን ነው። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ምንም አልዋሸም። አስቦ ሊጎዳኝ ብሎም አይደለም፤ ሲጠይቁት ያለውን መለሰ። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር።

አባ አለሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ላንቺስ? ላንቺ ምንሽ ነው?»

መስቀሉ ፊቴ ላይ ነው። ደንበኛዬ ነው ብል ዋሸሁ። ባሌ ነው ብል ዋሸሁ። ሌላ ቃል ደግሞ የለኝም፤ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። አፌ የማያርፈው እኔ፣ ደብረ ታቦርን በስድብ የማስተዳድረው እኔ፣ በሐሙሲት ገበያ መሃል ቆሜ መልስ አጣሁ። እንባዬ ብቻ ወረደ፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ደረት መምታት።

አባ አለሙ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ «በቃ ልጄ። በቃ» አሉኝ። እሸቴ የማሩን ጋቢ ለቀቀ። ኸድር፣ ደጄን እንዳትረግጡ ያለው ኸድር፣ ከሱቁ ዱካ አምጥቶ አስቀመጠኝ። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ መጥታ እጄን ያዘች፤ አይዞሽ እንኳ አላለችኝም፣ ያዘችኝ ብቻ። ሐሙሲት ለገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ገብቶት ነበር።

ማሩ ጋቢውን አስተካክሎ ጎኔ መጣና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ተይ እንጂ ጥሩ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነቅተውብናል እኮ። አሁን ለምን ታለቅሻለሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት በጀማል መኪና ሄደ። ስንቁንም፣ ሐሙሲት ያጣውን መነሻም ከሻይ ቤቱ ብር የቋጠርኩለት እኔ ነኝ፤ ሞኝ በሉኝ። ደህና ነው አሉ፣ ትልልቆቹ ቤቶች ገብቷል፣ ስሙም ወጥቷል አሉ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ከደጄ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና እላለሁ። ይመጣል ብዬ አይደለም። አንገቴ ነው ራሱ የሚዞረው።